ስለሚግል አሮጌ ኮምፒዩተርና ስለ ዕድሳቱ፤ በእንጦጦ ለመምህራንና ለሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ከእናንተ መካከል ምናልባት «ይህን ለመስማት ነውን ዳገቱን የወጣነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ የስምንት ዓመት የተማሪዎች ስም፥ የልደት ዘመንና የፈተና ውጤት ተጽፎ ነበርና፥ ጉዳዩ የአንድ ዕቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተማሪዎቹ አንዲቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለመዛወር የውጤቷን ማስረጃ ፈልጋ ከእናቷ ጋራ መጥታ፥ በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ሦስት ቀን ተመላልሳለች። እናቲቱም የቀን ሥራዋን ትታ ነበር የመጣችው። ማስረጃውን የሚያወጣው መኪና በየሩብ ሰዓቱ በድንገት እየጠፋ፥ የተጻፈውንም እያጠፋ አስቸግሮ ነበርና።

ነገሩ የሆነው በዚሁ በእንጦጦ ላይ፥ በኅዳር ወር ነው። የእንጦጦ የኅዳር ጧት ብርድ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያሻም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንኳ ከዚህ ተራራ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ሲወርዱ፥ ካስወረዷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ብርድ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጋቢያቸውን ደርበው፥ ጸሓፊዋም ነጠላዋን በአንገቷ ጠምጥማ ተቀምጣ አገኘኋቸው። ኮምፒዩተሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ እንደ ምጣድ ይፋጃል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፥ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፥ በበሩ ቆመው ሲመለከቱ ቈይተው «ሰው ሁሉ በሚንቀጠቀጥበት ቤት እርሱ ስለምን ይሞቀዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን በፊት ብዙ የተማሩ ሰዎች ስለ ኮምፒዩተር ሲጠይቁኝ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መልካም ጥያቄ ግን አልሰማሁም። የዛሬው ንግግሬ እኩሌታው ለእርሳቸው መልስ ነው።

ኮምፒዩተር የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል በመጨረሻ ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ምድጃ ሙቀትን ወዶ ይሰጣል፤ ኮምፒዩተር ግን ሳይወድ ይሰጣል፤ ከዚህ በቀር በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ከክፍሎቹም ሁሉ አብዝቶ የሚሞቀው ፕሮሰሰር የሚባለው፥ የሒሳቡን ሥራ የሚሠራው ክፍል ነው። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት 65 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። 65 ዋት ማለት ቀድሞ በየቤታችን ይበራ የነበረው ባለ ክር አምፖል ያህል ነው፤ በርቶ ሳለ ያን አምፖል የነካ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ያም ሙቀት የሚወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር እጅግ ከማይሰፋ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በፕሮሰሰሩ ላይ ብዙ ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ብረት ይቀመጥበታል፤ ሄትሲንክ ይሉታል። ብረቱ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ይቀበላል፥ ማራገቢያውም አየር እየነዳ ሙቀቱን ከብረቱ ያነሣል፥ ሌላው ማራገቢያ ደግሞ የሞቀውን አየር በኋላ በኩል ወደ ውጭ ይጥላል። እንግዲህ ሙቀቱን ከቤት ተሸክሞ የሚያወጣው ሸክመኛ አየር መሆኑን ልብ በሉ።

በእንጦጦ ላይ ሸክመኛው ከስቷል። የአዲስ አበባ መካከል ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የእንጦጦ ራስ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ አንድ ቁና አየር የሚመዝነው በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ ቁና አየር ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉን ብቻ ነው። ይህን በመሣሪያ ሳይለኩ ሴቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ በቆላ ቶሎ የሚበስል ሽምብራ በእንጦጦ ብዙ እንጨት ይፈጃልና። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በ3,000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከላይ የሚጫነው አየር ስለ ቀለለ ነው።

ማራገቢያው ግን ይህን አያውቅም። በዚያው ፍጥነት ይዞራል፥ ያንኑ ቁና ይሰፍራል፤ በቁናው ውስጥ ያለው አየር ግን ከአራት አንድ እጁ ጐድሏል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በሣጥኑ ውስጥ ሲያልፍ 12 ዲግሪ ይሞቅ የነበረው አየር፥ እዚህ ያንኑ ሙቀት ለመሸከም 16 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ከዚህ በላይ ደግሞ የሳሳ አየር ሙቀቱን ከብረቱ ላይ ለማንሣትም ደካማ ነው።

እዚህ ላይ መምህራን አንድ ተቃውሞ ሊያነሡ ይችላሉ፤ ተቃውሞውም እውነት ነው። የእንጦጦ ክፍል ከቆላ ክፍል በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ የሚገባው አየር በቀዘቀዘ መጠን ፕሮሰሰሩም በዚያው መጠን ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ አየሩ በመሳሳቱ የሚያጐድለውን ብርዱ መልሶ ይተካዋል። ይህ ልክ ነው። ከዚህም የሚከተለውን ነገር ያዙልኝ፤ በብርድ ቤት ውስጥ የሚግል ኮምፒዩተር ካለ፥ ጥፋቱ የአየሩ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ያለ ጥርጥር የሙቀቱ መውጫ አንድ ቦታ ላይ ተዘግቷል ማለት ነው። ለዘበኛው የሰጠኋቸው መልስ ይህ ነው። እርሳቸውም «እንግዲያው ጢስ መውጫው ተደፍኗል በለኛ» አሉኝ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም።

ስለ አየር መሳሳት የተናገርሁት የመጽሐፍ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ ልጨምር። በቺሊ አገር፥ በአታካማ በረሓ፥ አልማ የሚባል የከዋክብት መመልከቻ አለ። ከብዙ አንቴናዎች የሚመጣውን ምልክት የሚያጣምረው ታላቅ ኮምፒዩተሩ የተተከለው በ5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ በዚያ ከፍታ ለማቀዝቀዣ የሚነዳውን አየር እጥፍ ማድረግ ግድ ሆነባቸው፤ ደግሞም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት አልቻሉም። የኋለኛው ነገር እኛንም ይነካናል። በሃርድ ዲስክ ውስጥ አንዲት መስታወት የመሰለች ክብ ሳሕን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ትዞራለች፤ የምታነበው መርፌም ሳሕኒቱን ሳትነካ፥ ከሰው ጠጕር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ በሚያንስ ርቀት ላይ በአየር ትራስ ትንሳፈፋለች። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይቀጥናል፤ መርፌይቱ ሳሕኒቱን ከነካች ግን ጽሑፉ ይፋቃል። ስለዚህ የሃርድ ዲስክ ሠሪዎች በብዙዎቹ የጠረጴዛ ዲስኮች ላይ የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። የእንጦጦ ራስ ከዚህ ወሰን ያልፋል፤ በግርጌው ያሉት ትምህርት ቤቶች ከወሰኑ በታች ናቸው። በዚሁ ተራራ ላይ የእኛም የከዋክብት መመልከቻ ቆሟል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ወደ ሰማይ የተላከችው የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ትነጋገርበት የነበረው ጣቢያም የተሠራው በዚያው ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተርና ከፍታ በእንጦጦ ሲገናኙ የእኛ ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው አይደለም።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልመለስ።

መኪናውን ከመክፈታችን በፊት ሙቀቱን ለካን። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዴል የሚለውን ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ የነካ ሰው ባዮስ ወደሚባለው ገጽ ይገባል፤ በብዙዎቹ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙቀት በዚያ ተጽፎ ይገኛል። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ፕሮሰሰር ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ቢያሳይ ጤና ነው፤ በሥራ ጊዜ እስከ 80 ቢደርስ አያስደነግጥም። ብዙዎቹ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ሥራቸውን ያዘገማሉ፤ ይህም ካልበቃ ይጠፋሉ፤ ወሰናቸው ከዚህ ዝቅ ያለም አሉ። ስለዚህ «ኮምፒዩተሩ ሰነፈ» ወይም «በድንገት ሞተ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በሽታ ሳይሆን ራስን መከላከል ነው። የእኛው ምንም ሥራ ሳይሰጠው 88 አሳየን።

ከዚያም መስመሩን ከግድግዳው ነቀልን፤ ከተነቀለም በኋላ የማስነሻውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭነን በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስለቀቅን። በበጋ የእንጦጦ አየር እጅግ ደረቅ ነውና፥ ሹራብ የለበሰ ሰው ጣቱ ብልጭ ሲል ያያል፤ ያቺ ብልጭታ ለእኛ ምንም አይደለችም፥ ራምን ግን ትገድላለች። ስለዚህ ማንም የውስጡን ዕቃ ከመንካቱ በፊት፥ ደጋግሞም በሥራው መካከል፥ ቀለም ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት ይንካ። ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን የብረት ሳጥን ግን ማንም እንዳይፈታው አደራ እላለሁ፤ ከተነቀለም በኋላ ሰውን የሚጐዳ ኃይል በውስጡ ሊቈይ ይችላልና።

ክዳኑ ሲነሣ ያየነውን ልንገራችሁ። በሄትሲንኩ ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተደራርቦ ነበር። አቧራውም ልዩ ልዩ ነው፤ የትምህርት ቤት ሆኖ የጠመኔ ትቢያ ይበዛበታል፥ የእንጦጦ ሆኖ የባሕር ዛፍ ጢስ ጥላሸት ተጣብቆበታል። ጸሓፊዋ በየዐርቡ ቡና ታፈላ ነበርና የዕጣኑም ድርሻ አልቀረም። ቡናውን ተዉ አላልሁም፤ ማን ይሰማኛል? ሣጥኑን ግን ከምድጃው አርቁ፥ ከወለሉም ላይ ቢያንስ በአንድ ክንድ አንሡ ብያለሁ፤ የተጠረገ አቧራ በወለል ላይ ይሄዳልና።

ሁለተኛው ነገር የጨርቁ ነው፤ ይህን ስናገር ሰውን እንዳላሳዝን እየተጠነቀቅሁ ነው። ጸሓፊዋ ለኮምፒዩተሩ ክብር ብላ በገዛ እጇ የጠለፈችው ውብ ጨርቅ ነበራት፤ አቧራ እንዳይነካው ሣጥኑን በርቶም ሳለ በእርሱ ትሸፍነዋለች። በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ ጨርቅ ወይም ላስቲክ ያልለበሰ ኮምፒዩተር ያየሁት ጥቂት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጨርቁ የኋላውን ቀዳዳ ሲሸፍን ሞቆ የወጣው አየር ተመልሶ በፊት በኩል ይገባል፥ መኪናውም የገዛ ትንፋሹን እየደጋገመ ይተነፍሳል። ሣጥኑም ከግድግዳው ተጣብቆ ነበር፤ በኋላው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት እንዲኖረው አደረግን።

የማጽዳቱ ሥራ ከቤት ውጭ ይሁን። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና የኳስ መንፊያ ይበቃል፤ ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው የታመቀ አየር ቢገኝ መልካም፥ ባይገኝም አይጐዳም። ስትነፉ ግን የማራገቢያውን ክንፍ በጣታችሁ ያዙት፤ በነፋስ ኃይል ከልኩ በላይ ከዞረ ማሽከርከሪያው ይጐዳል። እርጥብ ጨርቅ አታስገቡ፤ በአፋችሁም አትንፉ፥ ምራቅ ውኃ ነውና።

አቧራው ሲወጣ ሦስተኛውና ዋነኛው ጥፋት ታየ። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ሄትሲንኩ ከቦርዱ ጋራ የሚያያዘው በአራት የላስቲክ እግሮች ነው። ከአራቱ አንዱ ከቀዳዳው ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነበር። ምናልባት ዕቃው ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር የወጣ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብረቱ በአንድ ወገን ተነሥቶ፥ በእርሱና በፕሮሰሰሩ መካከል ከወረቀት የማይወፍር ክፍተት ተፈጥሮ ነበር። ያች ክፍተት ግን አየር ሞልቶባታል፤ አየርም ሲንቀሳቀስ ሸክመኛ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ተዘግቶ ሲቆም ሙቀትን የሚከለክል ጋቢ ነው። በመካከላቸው የሚቀባው ፔስትም እንደ ደረቀ ኖራ ተሰነጣጥቆ አገኘነው።

አሮጌውን ፔስት በጥጥና በአልኮል አጥሩ፤ አልኮሉ ከመቶ 90 በላይ የጠራ ቢሆን ይመረጣል። በዚያ ቀን አንድ መምህር «ካቲካላ አይሆንምን?» ብሎ አሳቀን፤ ካቲካላ ውኃ የበዛበት ስለ ሆነ ለዚህ አይሆንም። ከዚያም አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ፔስት በፕሮሰሰሩ መካከል አኑሩ፤ ሄትሲንኩን ቀጥ አድርጋችሁ ስታስቀምጡት እርሱ ራሱ ይዘረጋታል። ፔስት ሲበዛ ይሻላል ብሎ እንደ ቅቤ የሚለቀልቅ ሰው አለ፤ ሥራው የብረቱን ሸካራነት መሙላት ብቻ ነውና፥ መብዛቱ ብረቱን ከፕሮሰሰሩ ያርቀዋል። እግሮቹንም በመስቀለኛ፥ አንዱን ከወዲህ ተቃራኒውን ከወዲያ፥ እየተጫናችሁ አስገቡ፤ ከቦርዱ በስተጀርባም አራቱ ማለፋቸውን ተመልከቱ። እግሩ የተሰበረ ሆኖ ካገኛችሁት በሽቦ አትሰሩት፤ ሄትሲንኩ ከነእግሮቹ ከመርካቶ ይገዛል።

ክዳኑን ገጥመን ብናስነሣው፥ ሥራ ሳይሰጠው 39 ዲግሪ፥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠርቶ 66 ዲግሪ አሳየን። «ክዳኑ ተከፍቶ ቢቀር ይበልጥ አይቀዘቅዝምን?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ለአንድ ቀን ምናልባት። ነገር ግን ክዳኑ የተሠራው አየሩ ከፊት ገብቶ በኋላ እንዲወጣ መንገድ ሊያበጅለት ነው፤ ተከፍቶ ሲቀር አየሩ መንገድ ያጣል፥ አቧራም ይገባል፥ አይጥም ይገባል። አይጥ በኮምፒዩተር ውስጥ ስትወልድ ያየሁ ሰው ነኝ።

እስከዚህ ድረስ የነገርኋችሁ ሥራው የተሳካ ነው። አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ይህን ንግግር ለማድረግ የተስማማሁት በእርግጥ በዚህ ምክንያት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲድን ሁላችን ደስ አለን፤ ርእሰ መምህሩም ምሳ ጋበዙን። ከምሳ በኋላ ጸሓፊዋ «መዝገቡን ወደ ሌላ ቦታ እንገልብጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «አሁን ጤነኛ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ባዶ ዲስክ ይዤ እመጣለሁ» አልኋት። በአራተኛው ቀን ሃርድ ዲስኩ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተ። ለወራት የተሸከመው ሙቀት ይሁን፥ ድንገተኛው መጥፋት ይሁን፥ ከፍታው ይሁን፥ ዕድሜው ይሁን፥ መፍረድ አልችልም፤ ምናልባት ሁሉም ተባብረው ይሆናል። ጥያቄው የእርሷ ነበር፤ መልሱ ግን የእኔ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በፍላሽ ከተገለበጠው በቀር የስምንቱ ዓመት ጽሑፍ በዚያ ቀረ።

ያዳነን በእጅ የተጻፈው የወረቀት መዝገብ ነው። አንድ ቀድሞ የነበሩ መምህር «ኮምፒዩተር መጣ» ሲባል መዝገቦቹን ከመጣል ተከልክለው፥ በቁም ሣጥን ቈልፈውባቸው ነበር። መምህራኑ ተከፋፍለው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ጻፉ። የዚያች ልጅ ማስረጃ ግን ይህን ሁሉ አልጠበቀም፤ በዚያው ሳምንት ከወረቀቱ መዝገብ በእጅ ተገልብጦ፥ ማኅተም ተመትቶበት ተሰጣት።

ስለዚህ ለማንኛውም የታመመ ኮምፒዩተር የመጀመሪያው ሕክምና መገልበጥ ነው። ከማጽዳት በፊት፥ ከመፍታት በፊት፥ ገና ሊነሣ የሚችል ሳለ፥ ክዳኑ ላይ የቢሮ ማራገቢያ አቁማችሁም ቢሆን ገልብጡ። ቅጂውም በሁለት ቦታ ይሁን፤ አንዱ ከዚያ ቤት ውጭ ይደር።

እንግዲህ ስለ ዕድሳቱ። ትምህርት ቤቶች ጥቂት ገንዘብ ሲያገኙ «አዲስ እንግዛ ወይስ አሮጌውን እናድስ?» ብለው ይከራከራሉ። እኔ አስቀድማችሁ ቦርዱን ተመልከቱ እላለሁ። በቦርዱ ላይ እንደ ትንንሽ በርሜል የቆሙ ካፓሲተሮች አሉ፤ ራሳቸው ጠፍጣፋ ከሆነ ደኅና ነው፤ ራሳቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ከወጣቸው፥ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ብር እንኳ አታውጡ። ቦርዱ ደኅና ከሆነ ግን ገንዘባችሁን በመጀመሪያ በኤስኤስዲ ላይ አውጡ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ ነው፤ መርፌም የለው፥ የአየር ትራስም አይሻ፤ ስለዚህ ስለ እንጦጦ የተናገርሁት የከፍታ ነገር አያስጨንቀውም። ፍጥነቱም ሌላ ነው። ሃርድ ዲስክ አንዲት የተበተነች ጽሑፍ ፈልጎ ለማግኘት ዐሥር ሚሊ ሴኮንድ ያህል ሲፈጅበት፥ ኤስኤስዲ ከዚያ መቶ ጊዜ በሚያንስ ጊዜ ያገኛል። ለመነሣት አምስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረ አሮጌ ኮምፒዩተር ከአንድ ደቂቃ በታች ሲነሣ ያየ መምህር «አዲስ ገዛችሁን?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ዐሥርት ዓመት ያልሞላው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ሳታ የሚባለው መሰኪያ ስላለው ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ራም ነው። ባለ 2 ወይም ባለ 4 ጊጋባይት የነበረው ወደ 8 ቢያድግ ለጽሕፈት ቤት ሥራ ይበቃል። ራም ሲገዛ ግን ዓይነቱ መታወቅ አለበት፤ ዲዲአር 2፥ ዲዲአር 3ና ዲዲአር 4 ጕጠታቸው በተለያየ ቦታ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም። በጕልበት የሚያስገባ ሰው ቦርዱን ይሰብራል። አሮጌውን ራም ነቅሎ ይዞ ወደ ሻጩ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

ፕሮሰሰር መለወጥን አልመክርም። በዚያው መሰኪያ ላይ የሚገባ የተሻለ ፕሮሰሰር ቢገኝ እንኳ፥ ኃይልም ሙቀትም ይጨምራል፤ ይህን ያህል የደከምንበትን ነገር መልሰን እናመጣዋለን። ስለ ፓወር ሰፕላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአንዳንዱ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማዞሪያ አለ፤ የእኛ መስመር 220 ቮልት ነውና በ230 ላይ መሆኑን ሳታዩ ከውጭ በእርዳታ የመጣ ኮምፒዩተር አትሰኩ። ደግሞም እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ባሉ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ላይ የፓወር ሰፕላዩና የማራገቢያው መሰኪያ የራሱ የኩባንያው ዓይነት የሆነበት ጊዜ አለና፥ ተራው ዕቃ ላይገጥም ይችላል። እዚህም አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው።

ሰዓቱና ቀኑ ሁልጊዜ የሚሳሳት ኮምፒዩተር ካላችሁ በቦርዱ ላይ ያለችውን ብር የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ለውጡ። ቀኑ ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒዩተር የኢንተርኔት ገጾችን «አላምናችሁም» እያለ ይዘጋል፤ ሰው ግን መስመሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

የቀረው የዊንዶውስ ነገር ነው። ዊንዶውስ 10 ለሁሉ ያገኝ የነበረው የጥበቃ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በሕጉ መሠረት ዕድሜው የገፋ ፕሮሰሰር ያለውን ኮምፒዩተር አይቀበልም። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋራ ሊገናኝ ከሆነ፥ በነጻ የሚገኘውንና ለደካማ መኪና የሚስማማውን ሊኑክስ መትከል መልካም ነው፤ የአማርኛ ፊደልም በእርሱ ላይ ይጻፋል። መዝገብ ብቻ የሚጻፍበትና ከኢንተርኔት ጋራ የማይገናኝ ከሆነ ግን፥ የለመዳችሁት ይቈይ፤ ከውጭ የሚመጣውን ፍላሽ ብቻ ጠብቁ። በዚህ ነገር ከእኔ ጋራ የማይስማሙ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ግን ጸሓፊዋ የማታውቀውን አዲስ ገጽ በፈተና ሰሞን ከመክፈት የሚብስ ጥፋት አላየሁም። ለውጡ በክረምት፥ ትምህርት በተዘጋበት ጊዜ ይሁን።

በዚያ ትምህርት ቤት አሁን ኤስኤስዲና 8 ጊጋባይት ራም አስገብተናል። ሣጥኑ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በጥርና በግንቦት፥ ይጸዳል፤ የሚያጸዱትም ጸሓፊዋና ሁለት መምህራን ናቸው፥ እኔን አይጠሩኝም። የወረቀቱ መዝገብ ቁልፍ በዘበኛው እጅ ነው። የተጠለፈውም ጨርቅ አልተጣለም፤ ማታ ኮምፒዩተሩ ከተዘጋና ሙቀቱ ከወጣለት በኋላ ይለብሰዋል፥ ጧት ሲነሣም አጥፈው በመሳቢያ ያኖሩታል።